ያለ ስክሪፕት መጫወት፦ ስለ ኢምፕሮቭ ሥልጠና ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰው ስለ ኢምፕሮቭ ክፍል ሲሰማ መጀመሪያ «ይሄ ለተዋናዮች ነው» ይላል። ቀጥሎ «ይሄ ለደፋሮች ነው» ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ከታች ያሉት ጥያቄዎች ከሠልጣኞች፣ ከወላጆች፣ ከመምህራን፣ ራሳቸው ማሠልጠን ከሚፈልጉ ሰዎችም ዘወትር የሚነሱ ናቸው። በተራ ማንበብ ግዴታ አይደለም። የቸኮላችሁ ግን አካል ጉዳት ስላለባቸው ሠልጣኞች የተጻፈውን አትዝለሉት፤ የዚህ ሥልጠና ዋና ነገር ያለው እዚያ ነው።

ኢምፕሮቭ ምንድን ነው? ከየት መጣ?

ኢምፕሮቫይዜሽን፣ ባጭሩ ኢምፕሮቭ፣ ያለ ስክሪፕት መተወን ነው። የተጻፈ ቃለ ተውኔት የለም፤ ተጠንቶ የመጣ ንግግር የለም። ተዋንያኑ መድረክ ላይ ይወጣሉ፣ ብዙ ጊዜም ከተመልካች አንድ ቃል ወይም አንድ ቦታ ይቀበላሉ፣ ከዚያ ታሪኩን እዚያው እየተጫወቱ ይፈጥሩታል። በሙዚቃና በዳንስም አለ፤ ጃዝን ያለ እሱ ማሰብ አይቻልም። እዚህ የማወራው ግን በቲያትሩ በኩል ስላለው ነው።

አዲስ ነገር አይደለም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያን ውስጥ የኮሜዲያ ዴል አርቴ ተጓዥ ቡድኖች ጭምብል አጥልቀው፣ የታሪኩን አጽም ብቻ ይዘው፣ ሌላውን በአፋቸው እየሞሉ ይጫወቱ ነበር። ዛሬ በየክፍሉ የምንጫወታቸው ጨዋታዎች ግን ባብዛኛው የሚመዘዙት ከሁለት ሰዎች ነው።

አንዷ ቫዮላ ስፖሊን ናት። በ1920ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ቺካጎ ውስጥ ሃል ሃውስ በሚባል፣ ስደተኞችን ያገለግል በነበረ ማዕከል ከኔቫ ቦይድ ዘንድ የቡድን ጨዋታን ተማረች። በ1930ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ራሷ ድራማ አስተማሪ ሆነች። ተማሪዎቿ ከተለያየ አገር የመጡ ቤተሰቦች ልጆችና ጎልማሶች ነበሩ። ትወናን በንግግር ማስረዳት ሲከብድ በጨዋታ ማስያዝ ጀመረች፤ ጨዋታ የባህልና የቋንቋ አጥር አይዘውም። ልጇ ፖል ሲልስ በ1959 እዚያው ቺካጎ ሰከንድ ሲቲ የተባለውን ቲያትር ከመሠረቱት አንዱ ሆነ።

ሁለተኛው ኪት ጆንስተን ነው። ለንደን ውስጥ ሮያል ኮርት ቲያትር ይሠራ ነበር። ያኔ እንግሊዝ ውስጥ ተውኔት ለሕዝብ ከመታየቱ በፊት ጽሑፉ ለሳንሱር መቅረብ ነበረበት፤ ሕጉ የተነሳው በ1968 ነው። ያልተጻፈ ተውኔት ደግሞ ምኑ ይቀርባል? ስለዚህ ጆንስተን ከቡድኑ ጋር የሚያሳየውን «ትምህርት» ብሎ በተመልካች ፊት ያቀርብ ነበር። በኋላ ወደ ካናዳ ሄዶ በ1977 ካልጋሪ ውስጥ ሉስ ሙስ የተባለውን ቲያትር ከመሠረቱት አንዱ ሆኗል።

ይህን ታሪክ የማነሳው ለማስታወሻ ያህል አይደለም። የስፖሊን ጨዋታዎች ጎበዙን ከሰነፉ ለመለየት አልተፈጠሩም። አንዱ የሌላውን ቋንቋ የማያውቁ ሰዎችን አንድ ላይ ለማጫወት ነው የተፈጠሩት። አንድ ሰው «ይሄ ክፍል ለእኔ አይሆንም» ሲለኝ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ ይኼ ነው።

አስቀድሞ ያልተዘጋጀ ነገር እንዴት ነው የሚሠለጥነው?

የእግር ኳስ ተጫዋች የዛሬው ጨዋታ እንዴት እንደሚሄድ አያውቅም። ግን ኳስ መቀበልን፣ ማቀበልን፣ ክፍት ቦታ ማየትን ቀን ተቀን ይለማመዳል። እዚህም እንደዚያው ነው። የምንለማመደው ማዳመጥን፣ የሰማነውን መቀበልን፣ በላዩም ትንሽ ነገር መጨመርን ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ሁለት ሠልጣኞች ቆመዋል። አንደኛዋ ሁለት እጆቿን ገጥማ፣ ውስጣቸው የሚሰበር ነገር እንዳለ ሁሉ ቀስ ብላ ትመጣና እንዲህ ትላለች፦

«ዶክተር፣ ይቺን ወፍ ያድኑልኝ። ከትናንት ጀምሮ አልዘመረችም።»

ጓደኛዋ «እኔ ዶክተር አይደለሁም፤ ወፍም አይታየኝም» ቢላት ታሪኩ እዚያው ሞተ። ተመልካች ይስቅ ይሆናል። ልጅቷ ግን ባዶ እጇን ቀረች፣ እንደገና ከዜሮ ልትጀምር ነው። አሁን ደግሞ ልጁ እጁን ከእጆቿ ሥር ሰደድ፣ ጆሮውን ጠጋ አድርጎ ትንሽ ዝም ይልና «የናፍቆት በሽታ ነው። ማን ነው የሄደባት?» ቢላትስ? በአንድ ዐረፍተ ነገር እሱ ሐኪም ሆነ፣ ወፏ ታመመች፣ የሄደ ሰውም ተፈጠረ። የሄደው የልጅቷ ወንድም ይሁን ባሏ ገና ማንም አያውቅም። ሁለቱ ግን አሁን ማወቅ ይፈልጋሉ፤ ተመልካቹም እንዲሁ።

ልጅቷ ያመጣችውን ነገር ግብዣ እንለዋለን። «አይታየኝም» ያለው ዘግቶባታል፤ «ማን ነው የሄደባት?» ያለው ተቀብሎ ጨምሮበታል። «እሺ፣ ደግሞም…» የሚባለው ዝነኛ ደንብ ይኸው ነው። ለመናገር ቀላል ነው። ለመልመድ ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም አብዛኞቻችን ሰው ሲያወራ የምናስበው ቀጥሎ የምንለውን ነው።

«እሺ፣ ደግሞም» ማለት ያሉኝን ሁሉ መቀበል ነው?

አይደለም፤ ይህን ሳያጠሩ ማስተማር ደግሞ ሰውን ይጎዳል።

የምንቀበለው የታሪኩን እውነት ነው። ገጸ ባሕርይ እንደ ልቡ እምቢ ማለት ይችላል። አባት ሆኖ የቆመው ሠልጣኝ «ይህን ቤት ጥለህ የትም አትሄድም!» ቢል አባትየው እምቢ አለ፤ ተዋናዩ ግን ቤት እንዳለ፣ ልጁም ሊሄድ እንደተነሳ ተቀብሏል። ጨዋታው አልተዘጋም። እንዲያውም ሞቀ።

ሰውየው ራሱስ? ሰው መነካት ካልፈለገ አይነካም። ስለ አንድ ጉዳይ መጫወት ካልፈለገ አይጫወትም። «ደንቡ እሺ ማለት ነው» ተብሎ የማይፈልገውን የሚያደርግ ሰው ካለ ክፍሉ ተበላሽቷል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ላይ የማቆሚያ ምልክት እንስማማለን። ቃል ሊሆን ይችላል፣ ሁለት ክንድ ማጣመር ሊሆን ይችላል። ማንም ሰው ምልክቱን ሲያሳይ ጨዋታው ይቆማል፣ «ለምን?» ተብሎም አይጠየቅም። አቅፎ ወይም ይዞ የሚጫወት ሰው ካለ አስቀድሞ ይጠይቃል። ይህ ሲሆን ሰዎች ይበልጥ ደፍረው ይጫወታሉ፤ መውጫ በሩን ያየ ሰው አይጨነቅም።

ቀልደኛ አይደለሁም። ይሆንልኛል?

ይሆንልሃል፣ ይሆንልሻልም። ቀልድ ይዞ የሚመጣ ሰው አንዳንዴ የሚቸገረው እሱ ነው፤ ያዘጋጀውን ቀልድ ማስገቢያ ሲፈልግ ጓደኛው ያለውን አይሰማም። ሳቁ የሚመጣው አንዱ ሌላውን ከልቡ ሲያምነው ነው። የወፏ ሐኪም ቀልድ አልተናገረም። ደግሞም ኢምፕሮቭ ሁልጊዜ ማሳቅ የለበትም። በ1975 አሜሪካ ውስጥ የተጀመረው ፕሌይባክ ቲያትር ለምሳሌ ከተመልካች መካከል አንድ ሰው የራሱን ታሪክ ሲናገር ተዋንያኑ ወዲያው መልሰው የሚያሳዩበት ነው፤ እዚያ ሰው ያለቅሳልም።

ዓይን አፋር ነኝ፤ ሰው ፊት መቆም ያንቀጠቅጠኛል።

እንግዲያው ሰው ፊት አትቆሙም። በደህና ክፍል ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ጊዜያት ሁሉም አንድ ላይ ይጫወታል፤ የሚያይ ሰው የለም። በክብ እንቀመጣለን፣ ወይም ጥንድ ጥንድ ሆነን በየጥጋችን እንጫወታለን። ክፍሉ በድምፅ ስለሚሞላ የእናንተን ድምፅ ከጓደኛችሁ በቀር ማንም አይሰማውም።

ማየት ብቻ የሚፈልግ ሰውም ቦታ አለው። ግን ተመልካች ሆኖ ጥግ ከሚቀመጥ ሥራ ብንሰጠው ይሻላል፤ ሰዓት መያዝ፣ ጨዋታ ማስጀመር፣ የቦታ ስም መስጠት። ብዙ ሰው ከዚያ በኋላ ሳይጠሩት ይገባል። ያልገባውም አይገፋም። «ና እንጂ፣ አትፍራ!» እያሉ እጅ መጎተት ድፍረት ሲሰጥ አይቼ አላውቅም።

አካል ጉዳት ያለባቸው ሰዎች፣ ኦቲዝም ያለባቸው፣ መስማት የተሳናቸው ከሌላው ጋር አብረው መሠልጠን ይችላሉ?

አዎ። ለብቻቸው ሳይሆን አብረው።

እዚህ ላይ አንድ አቋም አለኝ፤ አልደብቀውም። አንድ ሰው አንድን ጨዋታ መጫወት ካልቻለ የሚቀየረው ጨዋታው ነው። ኢምፕሮቭ ማለት ከፊትህ ያለውን ሰው እንዳለ ተቀብለህ ከእሱ ጋር መፍጠር ከሆነ፣ ከፊቱ ያለውን ሠልጣኝ እንዳለ መቀበል ያቃተው አሠልጣኝ የመጀመሪያውን ትምህርት ገና አላስተማረም። አካታችነት ከሥልጠናው ጎን የሚለጠፍ በጎ አድራጎት አይደለም፤ የሥልጠናው ፈተና እሱ ነው።

አንድ ነገር ላጫውታችሁ። በጣም የታወቀ የቆጠራ ጨዋታ አለ። ቡድኑ በክብ ሆኖ ከ1 እስከ 20 ይቆጥራል። ተራ የለም፣ ምልክት የለም፣ ማንም ሰው ቀጣዩን ቁጥር ሊል ይችላል። ሁለት ሰው አንድ ላይ ከተናገረ ግን እንደገና ከ1 ይጀመራል። በአንድ ክፍል ውስጥ በታብሌት የሚናገር ወጣት ነበር፤ ቃሉን በጣቱ ይነካል፣ መሣሪያው ይናገርለታል። ጣቱ ስክሪኑ ላይ ደርሶ ድምፁ እስኪወጣ ጥቂት ሰከንድ ይወስዳል። መጀመሪያ ላይ እሱ ጣቱን ሲያነሳ ሌላው ቀድሞ ይናገር ነበር፤ ከዚያ ቁጥሩ ይጋጫል፣ ከ1 ይጀመራል። ማንም ምንም አላላቸውም። ጥቂት ከተደጋገመ በኋላ ሰዎቹ እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ። የአንዱ ትከሻ ሲነሳ፣ የሌላው ከንፈር ሲከፈት፣ የልጁ ጣት ሲንቀሳቀስ ማየት ያዙ። ጣቱ ተነሳ፣ ሁሉም ጠበቀ፣ መሣሪያው «ሰባት» አለ፣ ከጎኑ ያለችው ሴት «ስምንት» አለች። 20 ደረሱ። ያ ቡድን ያን ዕለት ማዳመጥን የተማረው ከልጁ ፍጥነት ነው፤ ጨዋታው የተሠራበት ዓላማም ማዳመጥ ነበር።

በተግባር ምን ይደረጋል? ዝርዝሩ በሰው ይለያያል፤ የሚከተሉት ግን በሁሉም ክፍል ይጠቅማሉ።

መጀመሪያ አነጋገራችንን እናያለን። «ሁላችሁም ተነሱ» ከማለት «ለመጀመር ተዘጋጁ» ማለት ይበቃል፤ በዊልቼር የመጣው ሰው በመጀመሪያው ደቂቃ ከቡድኑ አይነጠልም። «ሩጡ» የሚለው «በራሳችሁ ፍጥነት ቦታ ቀይሩ» ይሆናል። ወለሉ ላይ ቦርሳና ገመድ አይተውም። መድረኩ ላይ የሚወጣው በደረጃ ብቻ ከሆነ መሬት ላይ እንጫወታለን፤ አንድ ሰው ተሸክሞ ከማውጣት መድረኩን ወደ ሁሉም ማውረድ ክብር ነው።

መስማት የተሳነው ሠልጣኝ ካለ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ያስፈልጋል፤ አስተርጓሚው የሚቆምበትን ቦታ ደግሞ ከሠልጣኙ ጋር እንነጋገራለን። ብርሃን መጥፋት የለበትም። ጀርባ ሰጥቶ መናገር ቀረ። በጭብጨባ የሚጀመር ጨዋታ እጅ በማውለብለብ ይጀመራል። ያለ ቃል በእንቅስቃሴ ብቻ የሚተወንባቸውና የፈጠራ ቋንቋ ያለባቸው ጨዋታዎች ላይ ደግሞ በፊትና በእጅ መናገር የለመደ ሰው ለሌላው አስተማሪ ይሆናል።

ማየት ለተሳነው ሠልጣኝ የሚታየው ነገር ይነገራል። በምናብ ኳስ የምንቀባበልበት ጨዋታ ላይ ኳሱን የሚወረውረው የተቀባዩን ስም ይጠራል፣ የኳሱን ዓይነትም ይናገራል፦ «ትልቅ፣ ከባድ፣ ቀዝቃዛ ኳስ!» ተቀባዩም «ትልቅ፣ ከባድ፣ ቀዝቃዛ ኳስ፤ ተቀብያለሁ» ይላል። የሚገርመው ነገር፣ እንዲህ ሲደረግ የሚያዩትም የተሻለ ይጫወታሉ፤ የምናቡ ኳስ ክብደት ያወጣል።

ኦቲዝም ላለበት ሰው ብዙ ጊዜ የሚከብደው ጨዋታው ሳይሆን ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ አለማወቁ ነው። የዕለቱ ቅደም ተከተል ግድግዳ ላይ ተጽፎ ይለጠፍ። ጸጥ ያለ ጥግ ይኑር፤ ሰው ሳያስፈቅድ ሄዶ የሚያርፍበት። «ዓይን ለዓይን ተያዩ» ብሎ ማስገደድ አያስፈልግም፤ ሰው እያዳመጠ ወለል ሊያይ ይችላል።

የአእምሮ እድገት ውስንነት ካለ መመሪያው አጭር ይሁን፤ ከማስረዳት ማሳየት ይቀድማል። ለሚንተባተብ ሰው ጊዜ እንሰጣለን፤ ዐረፍተ ነገሩን የሚጨርስለት ሰው ግን አንፈልግም።

አንድ ዓይነት ጨዋታ ደግሞ ከነጭራሹ አላስገባም። የተሳሳተ የሚወጣበትን። አስቡት፤ መጀመሪያ የሚወጣው ልምምዱን አብዝቶ የሚፈልገው ሰው ነው፤ ጎበዙ ሲለማመድ እሱ ተቀምጦ ያያል። ይህን ምን አመጣው?

በመጨረሻም፣ የሚያስፈልገውን ነገር ራሱን ሠልጣኙን ጠይቁ። አብሮት የመጣውን ሰው አይደለም። ካወቃችሁም በኋላ በየጊዜው ጠይቁ፤ ባለፈው የተመቸው ዛሬ ላይመቸው ይችላል።

ለዕለት ኑሮ በእርግጥ ይጠቅማል? ማስረጃስ አለ?

አለ፤ ግን ከሚወራለት ያነሰ ነው፤ ስለዚህ በልኩ እናውራ።

በአሜሪካ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበትና በ2020 የታተመ ጥናት አለ። አንዱን ቡድን ለ20 ደቂቃ ኢምፕሮቭ አጫወቱት፤ ሌላውን ቡድን በስክሪፕት ተመሳሳይ ነገር አሠሩት። ኢምፕሮቭ የተጫወቱት አዳዲስ ሐሳብ በማፍለቅ፣ እርግጠኛ ያልሆነን ነገር በመታገስና በስሜታቸው ተሽለው ተገኙ። ጥሩ ውጤት ነው። ግን የተለካው ወዲያው ከጨዋታው በኋላ ነው፤ ከዓመት በኋላ ምን እንደሚሆን ይህ ጥናት አይነግረንም።

ሌላው በ2008 ቻርልስ ሊምና አለን ብራውን 6 የጃዝ ፒያኖ ተጫዋቾችን በኤምአርአይ ማሽን ውስጥ አስተኝተው ያደረጉት ነው። ተጫዋቾቹ እዚያው እየፈጠሩ ሲጫወቱ ራስን ከመከታተልና ከመቆጣጠር ጋር የሚያያዙ የፊት አንጎል ክፍሎች ሥራቸውን ቀነስ አደረጉ። ስድስት ሰው ነው፣ ያውም ሙዚቀኛ ነው፤ ወደ ሁሉም ሰው መዝለል አይገባም። ሆኖም «ራሴን ረሳሁት» የሚል ሠልጣኝ ስሰማ ይህ ጥናት ትዝ ይለኛል።

ከጥናት ይልቅ እኔን የሚያሳምነኝ የሚጠቀሙበት ሰዎች ዓይነት ነው። ተዋናዩ አለን አልዳ ሳይንቲስቶች ሥራቸውን ለሕዝብ ማስረዳት እንዲችሉ በኢምፕሮቭ ማሠልጠንን ገፋ፤ በኒው ዮርክ ግዛት ስቶኒ ብሩክ ዩኒቨርሲቲ በ2009 የተቋቋመው ማዕከል ዛሬ በስሙ ይጠራል። በሕክምና ትምህርት ቤቶችም ይሰጣል። ሐኪም ታማሚ ሲናገር መስማት አለበት፤ ታማሚው ደግሞ ስክሪፕት ይዞ አይመጣም። ሥራ ቃለ መጠይቅም፣ ክፍል ማስተማርም፣ ልጅ ማሳደግም እንዲሁ ነው።

የመድረክ ጥበቡና የሕይወት ክህሎቱ አንድ ናቸው?

መሠረታቸው አንድ ነው። የሚጠይቁት ግን ይለያል።

ለሕይወቱ ብሎ የሚማር ሰው ማዳመጥ፣ መቀበልና መሳሳትን አለመፍራት ይበቃዋል። መድረክ ላይ ሊወጣ የሚፈልግ ግን ተጨማሪ ሥራ አለው። ድምፁ ከኋላ ወንበር መሰማት አለበት። ትዕይንት መቼ እንደሚያልቅ ማወቅ አለበት። ቀደም ብሎ የተባለን ነገር ይዞ ቆይቶ በሰዓቱ መመለስ አለበት፤ ተመልካችን ከምንም በላይ የሚያስደስተው የረሳውን ነገር መልሶ ማግኘት ነው። ገጸ ባሕርይን በአካሉ መያዝ አለበት። ይህ ሁሉ የወራትና የዓመታት ልምምድ ነው።

«የሕይወት ክህሎት» ክፍል ውስጥ ጥበቡን አሳንሶ ማስተማር የተለመደ ጥፋት ነው። አካል ጉዳት ያለባቸው ሠልጣኞች ሲሆኑ ደግሞ ይብሳል፤ ያደረጉት ሁሉ ይጨበጨብለታል፣ ምንም አይታረምም። ይህ ክብር አይደለም። ድምፁ ካልተሰማ «አልተሰማህም፤ እንደገና» መባል አለበት፣ እንደማንኛውም ተዋናይ። ጎበዝ ከሆነም ትኬት የገዛ ተመልካች ፊት ይውጣ።

ሕክምና ነው ወይ?

አይደለም። ያዕቆብ ሞሬኖ በ1920ዎቹ ቪየና ውስጥ ያለ ጽሑፍ የሚጫወት ቲያትር ነበረው፤ ከዚያ ተነስቶ ሳይኮድራማ የተባለውን የሕክምና መንገድ አበጅቷል። ያንን የሚመራው ግን በሕክምናው የሠለጠነ ሰው ነው። የኢምፕሮቭ ክፍል ሰውን ሊያቀልለው ይችላል፤ አሠልጣኙ ግን የሰውን ቁስል ለመክፈት አልሠለጠነም። የራስን ታሪክ የሚጠይቅ ጨዋታ ካለ «የምትመርጡት ቀላል ነገር ይሁን» ይበል።

ለየትኛው ዕድሜ ነው?

ለሁሉም። ትናንሽ ልጆች ጨዋታውን ያውቁታል፤ ተራ መጠበቅን ነው የሚማሩት። በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉት መሳቂያ መሆንን ስለሚፈሩ ረዘም ላለ ጊዜ በቡድን ይቆዩ። አረጋውያን የሚነግሩት ታሪክ ብዙ ስለሆነ ጊዜ ሰፋ ይደረግላቸው፣ ወንበርም አይጥፋ። የተለያየ ዕድሜ ሲቀላቀል ደግሞ በጣም ደስ ይላል፤ የ70 ዓመት ሰው ልጅ፣ የ12 ዓመት ልጅ ደግሞ ወላጁ ሆነው ሲጫወቱ ሁለቱም ይለወጣሉ።

ምን ያህል ሰው፣ ምን ያህል ሰዓት፣ ምን ዕቃ?

ከ8 እስከ 14 ሰው ይመቸኛል። ከዚያ በታች ከሆነ ድካም ይበዛል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ረዳት አሠልጣኝ ያስፈልጋል። ርዝመቱ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ መሐል ላይ ዕረፍት ያለበት። ዕረፍቱ አይታለፍ። ዕቃ ማለት ጥቂት ወንበርና ባዶ ወለል ነው።

አንድ ሰው ሁሉንም ነገር ራሱ ቢመራውስ?

በየክፍሉ አለ፤ ብዙ ጊዜም ፈርቶ ነው። ዝምታ ሲመጣ ይጨንቀውና ይሞላዋል። ስለዚህ ሰው ፊት አልገሥጸውም። በአንድ ትዕይንት ሦስት ቃል ብቻ እንዲናገር የሚያስገድድ ጨዋታ እሰጠዋለሁ፤ ለእሱ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም። ብዙ ተናጋሪው በሦስት ቃል ሲጫወት ፊቱ መናገር ይጀምራል፣ ዝምተኛው ደግሞ ቦታ ያገኛል። ታሪክ አንድ አንድ ቃል እየተባለ የሚነገርበት ጨዋታም ይረዳል፤ ማንም ብቻውን ሊወስደው አይችልም።

መድረክ ላይ ሰውን የሚያስከፋ ነገር ቢባልስ?

ይባላል። በቅጽበት የሚፈጠር ነገር ከአፋችን ቅርብ ያለውን ያወጣል፤ ቅርብ ያለው ደግሞ አንዳንዴ ጭፍን አስተሳሰብ ነው። የሰውን አነጋገር ዘዬ፣ አካል ጉዳት፣ ብሔር ወይም እምነት መሳቂያ ማድረግ በክፍላችን አይፈቀድም፤ ይህን የመጀመሪያው ቀን እንናገራለን። ከተባለ አሠልጣኙ ያቆማል፣ በአጭሩ ይናገራል፣ ሌላ ግብዣ ይጠይቃል። ረጅም ስብከት አያስፈልግም። ዝም ብሎ ማለፍ ግን አይሆንም፤ የተነካው ሰው ዝምታችንን ይሰማል። መድረኩ ላይ ያለ ሌላ ተጫዋችም ትዕይንቱን ሊያድነው ይችላል፦ የተሰደበውን ገጸ ባሕርይ ከክፍሉ ሁሉ ብልህ አድርጎ መጫወት ነው።

ማሠልጠን እፈልጋለሁ። ምን ልወቅ?

መጀመሪያ ራሳችሁ ሠልጥኑ፣ ለረጅም ጊዜም ተጫወቱ። ጨዋታዎችን ከኢንተርኔት መልቀም ይቻላል፤ ጨዋታው ለምን እንደተሠራ ግን በመጫወት ነው የሚገባው።

ሁለተኛ፣ ከጎን መምራትን ልመዱ። ይህን ዘዴ ያስፋፋችው ስፖሊን ናት። ጨዋታው ሳይቆም አሠልጣኙ ከጎን ሆኖ አጭር ቃል ይጥላል፦ «ተያዩ!» «ዕቃው ይታየን!» «ቀስ!» ተጫዋቹ ዞሮ አያየውም፤ ሰምቶ ይቀጥላል። አስተያየት ስትሰጡም «ጎበዝ» እና «አልረባም» ከሚሉት ሁለት ቃላት ራቁ። ሰው ለሙገሳ መጫወት ከጀመረ ጓደኛውን ማየት ይተዋል፤ ዓይኑ እናንተ ላይ ይቀራል። ይልቅ ያያችሁትን ጠይቁ፦ «የት ነበሩ? ምን ይፈልግ ነበር? መቼ ነው የተቀየረው?»

ሦስተኛ፣ ዕቅዳችሁን ለመጣል ተዘጋጁ። አምስት ጨዋታ አዘጋጅታችሁ በሁለተኛው ላይ ክፍሉ ነፍስ ከዘራ እዚያው ቆዩ።

ብቻዬን ልለማመድ እችላለሁ?

ትንሽ። አንድ ወንበር ላይ ለ5 ደቂቃ አምስት የተለያዩ ሰዎች ሆናችሁ ተቀመጡ። ሰው ሲያወራችሁ መልሱን ሳታዘጋጁ የመጨረሻ ቃሉን እስኪጨርስ ጠብቁ፤ ይህ ያለ ክፍልም ይሠራል። ዋናው ግን ከሰው ጋር ነው።

ትርኢቱ ጭራሽ ቢበላሽስ?

ይበላሻል፤ ለዚያም የታሰበ ነገር አለ። ትዕይንቱ የትም አልሄድ ካለ ከጎን ያለ ተጫዋች በመድረኩ ፊት ለፊት አቋርጦ ይሮጣል፤ በዊልቼር ያለ አቋርጦ ያልፋል፤ ወይም አንዱ እጁን ከፍ ያደርጋል። የቡድኑ ስምምነት ነው። ያ ምልክት ሲታይ ትዕይንቱ አለቀ ማለት ነው፣ አዲስ ይጀመራል። ማንም «ምን አደረግኩ?» ብሎ አይቆምም፤ ምክንያቱም ምልክቱ የሚሰጠው ጥሩ ትዕይንት ሲያልቅም ነውና ልዩነቱን ተመልካች አያውቀውም።

በክፍል ውስጥ ደግሞ የተሳሳተ ሰው ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቶ ጎንበስ ይላል፣ ሌላው ያጨበጭብለታል፣ ጨዋታው ይቀጥላል። እጁን ማንሳት የማይችል ሰው በፈለገው መንገድ ያሳየዋል፤ አንድ ክፍል ውስጥ ምላስ ማውጣት ነበር ምልክታችን። ሰው ሲሳሳት ፊቱ ቶሎ ይጨማደዳል፣ ትከሻው ይወርዳል፣ ለሚቀጥሉት ሁለት ደቂቃዎችም ጓደኛውን አይሰማም። ጭብጨባው እነዚያን ሁለት ደቂቃዎች ያተርፋል። ለዚህ ነው ማሟሟቂያው ላይ ሳይሆን ገና ስም ስንተዋወቅ የማስተምረው።